ትልቅ ኮይል ሁሉንም አያይም

«መሣሪያው በሰፋ መጠን ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ ያያል» የሚለው አነጋገር ብዙ ማሳ በከንቱ ሊያስቆፍር ይችላል። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያን አሠራር ቢያውቁ ለማሳቸውም ለቅርሳቸውም ይጠቅማል።

የመሣሪያው ዋና ክፍል በዘንጉ ጫፍ ያለው ኮይል የተባለው ክብ የሽቦ ጥቅል ነው። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚዘልቅ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ኃይሉ ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ መሣሪያው ይጮኻል። ሆኖም ወደ ታች በወረደ ቁጥር በፍጥነት ይደክማል። በመሆኑም ነጠላ ሳንቲም የሚገኝበት ጥልቀት በግምት ከኮይሉ ስፋት ብዙም አይበልጥም።

ከ23 እስከ 28 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋው ኮይል ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ትንሹ ጠልቆ ባያይም፣ ሚስማርና ቆርቆሮ በበዛበት ቦታ ሳንቲሙን ለይቶ ያሳውቃል። 38 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ትልቁ ደግሞ በጥልቀት የተቀበረን ሳንቲም የሞላበት ማሰሮ ለማግኘት ይረዳል። ነገር ግን ኃይሉ በሰፊው ስለሚበተን ትንሽ ነጠላ ሳንቲም ያመልጠዋል። የብረት ማዕድን በበዛበት ቀይ መሬት ላይም አፈሩ ራሱ በከንቱ ያስጮኸዋል።

ከኮይሉ ምርጫ የሚበልጠው ግን መሣሪያው ከጮኸ በኋላ የሚደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለ መንደር ኤሪክ ሎስ የተባሉ ጡረተኛ፣ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ የጠፋበትን መዶሻ በመሣሪያ ሲፈልጉ የሮማውያን ዘመን ሳንቲሞች አገኙ። ሁሉንም ቆፍረው ከማውጣት ተቆጥበው ለሚመለከታቸው አስታወቁ። በማግስቱ የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን በጥንቃቄ ቆፈሩ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሳንቲም ከመገኘቱም በላይ ንብረቱ በሣጥን ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ታወቀ። የተከፈለውን 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሽልማት አግኚው ከገበሬው ጋር ተካፈሉት። መዶሻውም ተገኘ።

በአገራችንም የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አሠርተዋል። አብዛኞቹ ትናንሽ ስለሆኑ «ትልቅ ኮይል አለኝ» የሚል ሰው ተስፋ ዋስትና የለውም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው። በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ሳያበላሽ ጠብቆ ወዲያውኑ ማስታወቅ ይኖርበታል።

እንግዲህ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥም መሪዎች አስቀድመው ፈቃዱን መጠየቅ ይገባቸዋል። ማረሻ ሳንቲም ቢያወጣም እርሻውን በዚያ ቦታ አቁሞ፣ ምልክት አድርጎና ጠባቂ አኑሮ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ማመልከት ተገቢ ነው። ሳንቲሙ ተነቅሎ ሲሸጥ ማን፣ መቼና ለምን እንደቀበረው የሚናገረው ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ገንዘቡ ከነጋዴው ጋር ሲሄድ ለገበሬው የሚቀረው ጉድጓዱ ነው።