ለእርዳታ የተሰጠ አሻራ

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ከሱዳኗ ጋላባት ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የገባ ስደተኛ ስሙን፣ ቤተሰቡንና የመጣበትን አገር ያስመዘግባል፤ ጣቶቹንም መሣሪያው ላይ እያሳረፈ አሻራ ይሰጣል። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት እና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ይህን የሚያደርጉት መጠለያና እርዳታ ለማዳረስ ነው። ምዝገባ ባይኖር አንዱ ሁለቴ ወስዶ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ በመመዝገቡ ላይ ጠብ የለኝም። የሚያሳስበኝ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ መረጃ ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ ነው። ባንግላዲሽ ውስጥ ከሮሂንጊያ ስደተኞች ለእርዳታ የተሰበሰበ መረጃ ሸሽተው ላመለጡት ለማይናማር መንግሥት መተላለፉን ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2013 ዓ.ም. አጋልጧል። ኮሚሽኑ ስደተኞቹን አስፈቅጃለሁ ብሏል። ራሽን የሚጠብቅ ሰው ግን እምቢ የሚልበት አንደበት ከየት ያመጣል?

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ማን ለማን መቼ ደወለ የሚለው ዝርዝር ቴሌ ዘንድ የሚያዘው ሒሳብ ለመተመን ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት ግን የጸጥታ ሰዎች ዝርዝሩን፣ አንዳንዴም የተቀዳ ድምፅ፣ ምርመራ ላይ ፊት ለፊት ያቀርቡ እንደነበር ይገልጻል። በተለይ ከውጭ አገር ቁጥር የመጣ ጥሪ ያስጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ ለአዲስ አበቤ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር ነው፤ ሱዳን ገዳሪፍ ደንበኛ ላለው የመተማ ነጋዴ ግን የዕለት እንጀራው ነው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረችው «ብሔር» የምትል መስመርም እንዲሁ ናት። መዝገብ ቤት ውስጥ ተራ መረጃ ብትመስልም፣ አማራ፣ ቅማንትና ጉሙዝ ጎን ለጎን በሚኖሩበት ቆላ፣ ግጭት በተነሳ ሰሞን ኬላ ላይ ስትነበብ ትርጉሟ ሌላ ነው። አዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ ፋይዳ ብሔርንም ሃይማኖትንም አለመጠየቁ በበኩሌ ትልቅ ነገር ነው።

«የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል?» ለሚሉ መልሱ እዚያችው መስመር ላይ አለ፤ ብሔር ወንጀል አይደለም፣ የሚያስፈራው አንባቢው ነው። ድንበር ላይ መሣሪያና ሰው ይዘዋወራል፣ መንግሥት ማወቅ አለበት የሚለው መከራከሪያ ግን ክብደት አለው፤ እቀበለዋለሁም። ሆኖም አንድን ተጠርጣሪ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መከታተል አንድ ነገር ነው፤ የሁሉንም መዝገብ በር ከፍቶ መተው ሌላ። ሕግ አለ የሚሉም አልተሳሳቱም፦ የግል ሕይወትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል ይከለክላል፤ ብሔርንና አሻራን ጥብቅ መረጃ ይላቸዋል። ግን ለብሔራዊ ደህንነት ሲባል በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ኬንያ ውስጥ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁዱማ ካርድ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ያስቆመው፣ አደጋው አስቀድሞ አልተጠናም ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። ከመተማ አቤት ለማለት የሚነሳ ሰው ግን እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አቤቱታውን በስልኩ መላክም አይችልም ነበር።