ኤምፒ4 ነው ማለት ብቻ አይበቃም

ከላፕቶፕ ወደ ፍላሽ የተቀዳ ፊልም ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር ሲሰካ ምስሉ እየታየ ድምፁ ድራሹ ይጠፋል። ባለቤቱ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊያጠፋው ይቃጣዋል። ያው ፋይል ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም አልሆነም።

ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ የሚባሉት ኮንቴይነሮች ናቸው። ምስሉን፣ ድምፁንና የግርጌ ትርጉሙን በአንድ ፋይል ጠቅልለው የትኛው ድምፅ ከየትኛው ምስል ጋር እንደሚሄድ ይመዘግባሉ። ምስሉና ድምፁ የሚጨመቁበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። ኮንቴይነሩን ፖስታ ብንለው፣ ኮዴኩ ደብዳቤው የተጻፈበት ቋንቋ ይሆናል፤ ፖስታውን የቀደደ ሁሉ ደብዳቤውን አያነብም።

ያለ ኮዴክ ቪዲዮ በስልክ መያዝም ሆነ መላክ ዘበት ነበር። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ቢያዝ አንዱ ምስል ብቻ ከ6 ሜጋባይት ይበልጣል። በሰከንድ 25 ምስል ሲያልፍ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ9 ጊጋባይት በላይ ይሆናል፤ ያውም ድምፅ ሳይጨመር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ያንኑ ደቂቃ ለዓይን ደህና በሆነ ጥራት ወደ 60 ሜጋባይት ገደማ ሊያወርደው ይችላል።

ይህ የሚሆነው ተከታታይ ምስሎች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ነው። ዜና አንባቢዋ ስትናገር ከኋላዋ ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ኮዴኩ ግድግዳውን በየምስሉ እንደ አዲስ ከመመዝገብ ይልቅ እንዳለ አልፎት፣ ከንፈሯና እጇ ላይ የመጣውን ለውጥ ይይዛል። ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ዝርዝርም ይጥላል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ገደማ መጠን እንዲሰጥ ታስቦ ተሠራ፤ በ2018 ደግሞ ኤቪ1 ተከተለ። ሁለቱም ከባድ ስሌት ይጠይቃሉ። አዳዲስ አይፎኖች ከ2017 ወዲህ በኤች.265 ስለሚቀርጹ፣ ከእነሱ የተላከ ቪዲዮ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ቢል አያስገርምም።

የሳሎኑ ፊልምም ምስሉ ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው ኤች.264፣ ድምፁ ግን በርካታ ቴሌቪዥኖች በማይፈቱት ዲቲኤስ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። የፋይሉን ስም ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ ውስጡ ያው ነው። ቪኤልሲ በተባለው ነፃ ማጫወቻ ስለ ኮዴኩ የሚገልጸውን ገጽ ከፍቶ ማየት ይሻላል። ችግሩ የድምፅ ከሆነ ኤፍኤፍኤምፔግን በመሰለ ፕሮግራም ምስሉን ሳይነኩ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ መቀየር ይቻላል፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።

ምስሉን እንደገና መጨመቅ ግን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ በየጊዜው ጥራት ይቀንሳል። በተለይ የሠርግ ዲቪዲ ወደ ፍላሽ የሚያስገለብጡ ቤተሰቦች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። በዲቪዲው ላይ ያለው ምስል በአብዛኛው በኤምፔግ-2 ተጨምቋል፤ ለስልክ የሚሆን ትንሽ ቅጂ ሲሠራ ዋናው ፋይል ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ።