ባት ስንት ጡንቻ አለው?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ የሚሮጡትን ከኋላ ሆኖ ያየ ሰው የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ የገለጠ ያህል ነው።

ባት አንድ ጡንቻ ይመስላል እንጂ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ላይኛው፣ ጋስትሮክኔሚየስ፣ ከጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ ተነስቶ ጉልበትን ያልፋል። ከሥሩ የተደበቀው ሶሊየስ ግን ከጉልበት በታች ይጀምራል። ሁለቱም በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ።

ስም ከመሸምደድ ግድግዳ መግፋት ይሻላል፦ የኋላው እግር ሲዘረጋ ላይኛው ይወጠራል፤ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ሸብረክ ሲል ተራው የሶሊየስ ነው።

ሱሉልታ ላይ የሩጫ መም ያስገነባው ቀነኒሳ በቀለም የባትን ጣጣ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባቱ ተጎድቶ ከውድድር ራቀ፤ በ2011 ዴጉ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቢመለስም 10,000 ሜትሩን አልጨረሰም።