በክረምት ውኃ ስለሚገኘው የማይዘቅጥ ነገር

በዋግ ደጋ፣ በደሃና በኩል፣ ክረምት ሲገባ ጅረቶቹ ደፍርሰው ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። የሚያደፈርሳቸው አፈር አብዛኛው በእንስራ ሲያድር ይዘቅጣል። እኛ ልንገልጽ የፈለግነው ግን የማይዘቅጠውን ነው።

በበጋ የተከማቸው ቅጠል፣ ገለባና ፍግ በመጀመሪያው ጎርፍ ሲታጠብ ከፊሉ እንደ ሻይ በውኃው ይሟሟል። ይህም የሟሟ ኦርጋኒክ ነገር ይባላል። በቤተ ሙከራ የ0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ እንኳ ያሳልፈዋል፤ በነጠላ ማጥለልማ ምን ሊያስቀር!

ነገሩ በራሱ እምብዛም መርዝ አይደለም። ችግሩ ክሎሪን ሲጨመር ይታያል፤ ክሎሪኑ ተሕዋስያንን ለመግደል ሳይተርፍ ከዚህ ጋር ተዋሕዶ ያልቃልና። የዓለም ጤና ድርጅት ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን እንዲቀር ይመክራል። ለጠራ ምንጭ የሚበቃው መጠን ለጎርፍ ውኃ ላይበቃ ይችላል ማለት ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ጨምሯል፣ ውኃውም ጠርቷል፤ ተቅማጡ ግን አልቀረለትም።

ሆላንዳዊው ኬሚስት ዮሐንስ ሩክ እ.ኤ.አ. በ1974 ክሎሪን ከዚህ ነገር ጋር ተዋሕዶ ክሎሮፎርም እንደሚፈጥር አስታወቀ። ይህን ሰምቶ ክሎሪንን መተው ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያልታከመ ውኃ የሚያመጣው በሽታ እጅግ የከፋና የቀረበ ነው። ማፍላት ይሻላል እንዳንል፣ እንጨት በዋግ ብርቅ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ውኃ የሚጠጣ ሰው አሳድሮ ጥሩውን ይቅዳ፣ ከዚያ ክሎሪን ይጨምር፤ የጤና ሠራተኛውም ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረውን ክሎሪን ይለካ።