አቧራ የሚፈራ ጉልበተኛ

በጠባብ ግቢ አሸዋ ሲያመላልስ የምናየው ትንሹ ሎደር፣ ብዙዎቻችን ቦብካት የምንለው፣ የፊት ጎማዎቹ እንደ መኪና ወደ ጎን አይታጠፉም። ወደ ግራ ሲዞር የቀኞቹ ይፈጥናሉ፤ የግራዎቹ ይዘገያሉ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሽከረከራሉ። ማሽኑ መሬቱን እየፋቀ ባለበት ይዞራል። መነሻው የግንባታ ቦታ ሳይሆን የእርባታ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሚኒሶታ ሲሪል እና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች፣ ቱርክ የሚባሉትን ዶሮ መሰል ትልልቅ ወፎች ለሚያረባ ገበሬ በምሰሶዎች መካከል እየተሽከረከረ ኩስ የሚጠርግ ባለ ሦስት ጎማ ማሽን ሠሩለት። አራተኛው ጎማ የተጨመረው በ1960 ነው።

እየፋቀ የሚዞር ማሽን ጎማው ቶሎ ማለቁ አይቀርም። የማይታየው ጉዳት ግን ከውስጥ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች በአንድ ጎን ያሉት ሁለት ጎማዎች በካቴና ስለሚነዱ እኩል ዙር ይዞራሉ። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ ወይም ንፋሳቸው ከተለያየ፣ በአንድ ዙር የሚሄዱት ርቀት አይገጥምም። ልዩነቱን ካቴናው ይሸከማል። ስለዚህ ጠዋት ንፋስ መለካት፣ ጎማ ሲቀየርም የአንድ ጎኑን ጥንድ በአንድ ላይ መቀየር ያዋጣል።

ጉልበቱ የሚመጣው ከሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የቤት መኪና ጎማ ንፋስ 2 ባር ያህል ነው፤ በዚህ ማሽን ቱቦዎች ውስጥ ያለው ግፊት 200 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህን ግፊት አምቆ በሚይዘው ፓምፕ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ዓይናችን የማያየው አቧራ እዚያ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን እንደሚፍቅ ይገባናል። የተፋቀው ብረት ደግሞ ራሱ ሌላ አቧራ ይሆናል። የዚህ ማሽን ጥገና ሥሩ ንጽህና ነው የምለው ለዚህ ነው። ክዳኑ ሳይጠረግ፣ ናፍጣ በነበረበት ጀሪካን የተጨመረ ዘይት ባይጨመር ይሻል ነበር። መሰርሰሪያ ወይም ሌላ ዕቃ ሲገጠምም የቱቦዎቹን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ማበስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ቱቦ ሲያልብ ደግሞ የሚያፈስበትን በእጅ ዳብሶ መፈለግ ፈጽሞ አይገባም። የመርፌ ቀዳዳ በምታክል ክፍተት የሚወጣ ዘይት ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል። ቁስሉ ነጥብ ብቻ ስለሚመስልና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያምም ሰው ይንቀዋል፤ ውስጥ የገባው ዘይት ግን ሥጋውን ይገድላል፤ በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልጸዳ ጣት ወይም እጅ እስከማጣት ያደርሳል። ፍተሻው በካርቶን ቁራጭ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ካረፈ ቦታው ታወቀ። ባልዲውን የሚያነሳው የማሽኑ ክንድ ተነስቶ ከሥሩ የሚሠራ ከሆነም፣ የክንዱ መደገፊያ ብረት ሳይገባ አንገትን ማስገባት አይታሰብም።

የክንዱና የባልዲው ፒኖች በየ8 ወይም በየ10 የሥራ ሰዓቱ ግሪስ ይፈልጋሉ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ የግሪስ ፓምፑ ሲጨመቅ ከመገጣጠሚያው ጠርዝ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁርና አሸዋ ያዘለ ነው፤ ቀጥሎ ንጹሑ ብቅ ይላል። ግሪስ ብረቱን ከማለስለስ ሌላ ቆሻሻውን ገፍቶ ያስወጣል፤ ጠርዙ ላይ የቀረው ቀለበት ደግሞ አዲሱን አቧራ ያግዳል።

የአየር ፊልትሮ ሁለት ነው። ውስጠኛው አይጸዳም፤ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። የሞተር ዘይትና የሌሎቹም ፊልትሮዎች ጊዜ በመመሪያው ላይ በሰዓት ተጽፏል፤ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር አይደለም፣ ማሽኑ ቆሞም ሞተሩ ይሠራልና።

ምሽት ላይ ታንከሩን በናፍጣ ሞልቶ ማሳደር ጥሩ ነው። በባዶው ቦታ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድም ከታች ይተኛል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ከውሃ መለያው ሥር ያለው መክፈቻ ላላ ይደረጋል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ነው። ናፍጣው ብቻውን መንጠባጠብ ሲጀምር መክፈቻው ይዘጋል።