የአደጋ ጊዜ መውጫ ንድፍ

በፋብሪካ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሆቴል መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ቀስቶች የተሣሉበት ንድፍ ተሰቅሎ አይታችሁ ይሆናል። ይህ የአደጋ ጊዜ መውጫ ንድፍ ይባላል። የፎቁን ክፍሎች፣ ጣሪያው ተነሥቶ ከላይ ቁልቁል እንደሚታዩ አድርጎ ያሳያል።

ንድፉን ስታነቡ በመጀመሪያ የቆማችሁበትን ቦታ የሚያመለክተውን ምልክት ፈልጉ። ንድፉ በትክክል የተሰቀለ ከሆነ፣ በስተቀኙ የሚታየው በር ለእናንተም በስተቀኝ ይገኛል። ቀጥሎ ቀስቶቹን ተከተሉ። ጭስ አንዱን መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ሁለተኛውን መውጫ ጭምር ለዩ። አሳንሰር ግን መውጫ አይደለም፤ መብራት ሲቋረጥ መካከል ላይ ሊቆም ይችላልና። በመጨረሻም ከሕንጻው የወጡት ሁሉ የሚሰበሰቡበትን ቦታ አስተውሉ። የጎደለ ሰው መኖሩ የሚታወቀው እዚያ በሚደረገው ቆጠራ ነው።

ይሁን እንጂ ንድፍ ብቻውን ሰው አያድንም። መጋቢት 16 ቀን 1903 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911) በኒውዮርክ ከተማ፣ ትራያንግል በተባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው የአንድ ሕንጻ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቆችን ይዞ ነበር። ሠራተኞች ሲወጡ በአንድ በኩል እንዲፈተሹ ተብሎ በ9ኛው ፎቅ የአንደኛው ደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። ሌላውን ደረጃ እሳቱ ዘጋው። አሳንሰሮቹ ተመላልሰው ብዙዎችን ካወረዱ በኋላ ቆሙ። በሕንጻው ውጭ የነበረው የብረት መሰላል ከሰው ብዛት የተነሣ ተሰብሮ ወደቀ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላልም ከ6ኛው ፎቅ በላይ አልደረሰም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በዚያ ግድግዳ ላይ ንድፍ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ አንደኛው ቀስት የሚመራው ወደ ተቆለፈ በር ነበር። እንግዲህ ንድፍ ለሠራተኛው የተገባ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ቃሉ የሚጠበቀውም በሩ በሥራ ሰዓት የማይቆለፍ፣ በመተላለፊያውም ላይ ዕቃ የማይከመር ሲሆን ነው።

ስለዚህ ወደማታውቁት ሕንጻ ስትገቡ ንድፉን አንብቡ፤ በምትማሩበት ወይም በምትሠሩበት ሕንጻ ደግሞ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት። በሩን ተቆልፎ ብታገኙት ሳትዘገዩ ለኀላፊው አስታውቁ። እሳት ከተነሣ በኋላ መውጫ መፈለግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።