ባለታክሲው የፒያኖ ተጫዋች

በአዳማ፣ ታላላቆቻችን ናዝሬት እያሉ በሚጠሯት ከተማ፣ «ሽመንደፈር» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሽማግሌ አይገኝም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በአዋሽና በመተሐራ አልፎ እዚህ ሲደርስ የፈረንሳይኛ ስሙን አብሮ ይዞ መጣ፤ ስሙም አማርኛ ሆኖ ቀረ። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዛሬ አሮጌው ሐዲድ ዝም ብሏል። ስሙ ግን በ2020 ባልታሰበ ቦታ፣ አሜሪካን አገር በሚኖሩ አንድ የሙዚቃ ሰው ሥራ ላይ እንደገና ተሰማ። ሰውየው አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው።

ይህን ዜማ በቅርቡ በአዳማ በአንድ ሻይ ቤት ሳለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በስልካቸው ከፍተው ሲያደምጡ ሰማሁ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ «አገሩን ጥሎ የሄደ ሙዚቀኛ ጣቱ እንጂ ልቡ አይጫወትም» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «እዚሁ ተቀምጦ የዛገስ የለም ወይ?» ሲል መለሰለት። ነገሩ ስለ ሙዚቃ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ወጣት የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ልሂድ አልሂድ እያለ የሚያመነታ ነበር።

ለመሆኑ ሰውየው ማን ናቸው? አቶ ኃይሉ በ1946 ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ አኮርዲዮን መጫወት የለመዱ ናቸው። በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ኖታ ማንበብ ተማሩ። ከዚያም የዋልያስ የሙዚቃ ጓድ መሪ ሆነው በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫወቱ። ጊዜው የሰዓት እላፊ ዘመን ስለ ነበር፣ ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። በ1977 የወጣው «ቸ በለው» የተባለው ሸክላ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

በ1981 ጓዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከፊሎቹ ቀሩ። አቶ ኃይሉ ከቀሩት ወገን ነበሩ። በ1985 በዋሽንግተን አንድ ካሴት ቀረጹ፤ በካሴቱም ላይ ጓድ የለም። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሌላውንም የቁልፍ መሣሪያ ሁሉ ብቻቸውን እየደራረቡ ተጫወቱ፤ ከበሮውንም መሣሪያ መታላቸው። በሙሉ ጓድ መካከል የኖረ ሰው ብቻውን ሲቀር የሚያሰማውን ድምፅ ለማወቅ የሚፈልግ ይህን ያድምጥ።

ከጊዜ በኋላ በአደባባይ መጫወቱን ተዉትና ታክሲ መንዳት ያዙ። በዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የቁልፍ መሣሪያ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥተው በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። የሚያጨበጭብ የለም፤ የሚከፍልም የለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ያ የ1985 ካሴት በባሕር ዳር በአንድ የሙዚቃ ሱቅ ተገኝቶ፣ በ2013 በውጭ አገር እንደ አዲስ ታተመ። ከዚህም በኋላ አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ አመላለሳቸውም በትልቅ ጓድ ሳይሆን በሦስት ሰው ነው። በ2018 በወጣው «ላላ በሉ» ላይ ቶኒ ባክ ከበሮውን፣ ማይክ ማይኮውስኪ ባሱን ይዘዋል፤ ሁለቱም በአውስትራሊያ የጃዝ ሙዚቃ ያደጉ ናቸው። በ2020 በወጣውና «ሽመንደፈር» በሚገኝበት «የኔ ምርጫ» ላይ ግን ዓለምሰገድ ከበደ በባስ፣ ኬኔት ጆሴፍ በከበሮ አጅበዋቸዋል።

ሦስት ሰው መሆኑ ምን ይጠቅማል? ቅኝታችን፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የቆመ ነው። ብዙ መሣሪያ ሲጫንበት አምስቱ ድምፆች ይታፈናሉ። ባሱ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ሲይዝ፣ ከበሮው ቦታ ሲተው፣ ዜማው እንደ ልቡ ይመላለሳል። «ላላ በሉ»ን የሚከፍተው «ትዝታ» ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ዝግ ብሎ ይጀምርና እየሞቀ ይሄዳል። ሁለቱ አጃቢዎች ትዝታን በእናታቸው ቤት አልሰሙትም፤ ነገር ግን ሰውየው የሚሄዱበትን መንገድ በጥንቃቄ ይከተላሉ። መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ፒያኖ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የታክሲው የኋላ ወንበር ትዝ ይላል።

እንግዲህ ወደ ሻይ ቤቱ ክርክር እንመለስ። ስደት ሙዚቃቸውን አበለጸገው ለማለት አልደፍርም። ከሰዎች ጋር የተጫወቱበትን መድረክ ወስዶባቸዋል፤ ብዙ ዓመትም በልቶባቸዋል። አገር ቤት ቢቀሩ ምን ይሠሩ እንደ ነበርም ማንም ሊናገር አይችልም። ነገር ግን ልባቸው አይጫወትም ያለው ወጣት ተሳስቷል። ልብ የሚጠፋው በአውሮፕላን ሲሳፈሩ ሳይሆን መለማመድ ሲተዉ ነው፤ ይህም በደለስ ብቻ ሳይሆን በመተሐራ፣ በባቱና በሻሸመኔ መሥሪያ ቤቶችም ይደርሳል። ከዲግሪው በኋላ መጽሐፍ ያልገለጠ ስንቱ ነው? እኔም ራሴን ከዚህ አላወጣም።

ስለዚህ ያ የሚያመነታ ወንድሜ ቢጠይቀኝ፣ «ሂድ» ወይም «ቅር» አልለውም። ሄደህም ሆነ ቀርተህ በመኪናህ ዕቃ መጫኛ ምን ይዘሃል? ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከሻይ ቤቱ ስንወጣ ክርክሩ አላለቀም ነበር፤ እሱ ግን ከመለያየታቸው በፊት «ሽመንደፈር»ን አንድ ጊዜ እንዲደግሙለት ለመነ።